አሥራ ሰባተኛው ጨረር

ለታችኛው ፎቅ ጓደኛዬ፤

የሠላሳ አንድ ዓመት ሰላምታዬ ደረጃውን ወርዶ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ያ ከውሃ ብዛት በጋ ከክረምት የሚቀዘቅዘው እጅህ አሁን ሞቀልህ ወይ? ዓይንህን ግን አልጠይቅህም፤ ልጅህ ነግራኛለች። ስትነግረኝ ቆሜ ነበር፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በዓይኑ የኖረን ሰው ዓይኑን ሲያመው ምን እንደሚሉት አላውቅም። ብርሃንህን ይመልስልህ፤ ካልሆነም የቀረችህን አያጥፋብህ።

እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ወፍሬአለሁ። ሁለት መነጽር አለኝ፣ አንዱ ለቅርብ አንዱ ለሩቅ፤ ግማሽ ቀኔ የሚያልቀው በአንዱ ሌላውን ስፈልግ ነው። ፀጉሬን አታንሣብኝ። ምላሴ ግን እንደ ድሮው ነው፤ እሱን ዕድሜም ፈርቶት አልፏል። አግብቼም ነበር። ደህና ሰው ነበር፤ ስንለያይም አንድ ብርጭቆ ሳንሰብር ነው የተለያየነው።

የባለቤትህን ዕረፍት የሰማሁት ባለፈው ማክሰኞ ነው። ሦስት ዓመት ዘግይቶ እግዚአብሔር ያጽናህ ማለት ቢያሳፍርም ይኸው ብያለሁ። ስለ እሷ ኋላ ላይ የምለው አለኝ።

የላክህብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። አምስቱን ብርጭቆ ሽጪልኝ፣ የስድስተኛዋን ዋጋ ግን ለብቻዋ ንገሪኝ ብለሃል። ሌላ ሰው ቢሆን በአምስት ደቂቃ እመልስለት ነበር። ላንተ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ይህ ደብዳቤ መልሱ ነው።

የምታነብልህ ልጅህ እንደሆነች አውቃለሁ። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር በግልጽ እጽፋለሁ፣ አንዳንዱን ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብዬ አልፈዋለሁ። አንቺም ልጄ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት፤ አባትሽ ግማሽ ጆሮውን የማሽን ጩኸት ውስጥ ጥሎ ነው የመጣው። ደግሞ የሰለቸሽን እንዳታልፊው። ብርጭቆዎቹን እንዴት እንዳወቅሁ ይጻፉልኝ ብለሽ የለመንሽኝ አንቺ ነሽ።

የብርጭቆ ፋብሪካችን ከተዘጋ ወዲህ ያልሠራሁበት ቦታ የለም። አሁን ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። መግቢያው ላይ ወንበር በወንበር ላይ ተገልብጧል፣ ከጎኑ መስተዋቶች ተደርድረዋል፤ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ራሱን ነው። የእኔ ቦታ ከጀርባ፣ ወደ ጓሮ በሚያሳየው መስኮት ሥር ነው። ወፍራም ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያና አጉሊ መነጽር ነው ያለኝ። ሰው አሮጌ ብርጭቆ ያመጣል፣ እኔ ምን እንደሆነና ምን እንደሚያወጣ እነግረዋለሁ። ባለሱቋን በሌለችበት “ትልቅ ሰው ቤት” ነው የምንላት። ማንኪያ ይሁን የተላጠ መስተዋት፣ ለገዢ ስታቀርበው “ትልቅ ሰው ቤት የነበረ ነው” ትላለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ችኩል ናት እንጂ።

ልጅህ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ካርቶን እንደ ሕፃን አቅፋ ገባች። ስትከፍተው ስድስት የወይን ብርጭቆ፣ ስድስቱም በየካልሲያቸው ውስጥ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ከእኛ ፋብሪካ ሰው በቀር ብርጭቆ ካልሲ የሚያለብስ ማን አለ? እኔ ግን ሻዬን ገና አልጨረስኩም ነበርና አልነቃሁም። የአባቴ ናቸው አለችኝ። ወደ እኔ ቤት ላዛውረው ነው፣ ቤቴ ጠባብ ነው፣ ዕቃ መቀነስ አለብን አለችኝ። ይህን ስትል ጥፋት እንደሠራ ሰው መሬት መሬት ታያለች። ልጄ፣ አባትን ወደ ቤት ማስገባት ጥፋት አይደለም፤ ቀና በይ።

እንደ ወትሮዬ ከድምፅ ጀመርኩ። እግሩን ይዤ ጠርዙን በጥፍሬ ጠቆም አደረግሁት። ተራ ብርጭቆ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል፤ ክሪስታል ግን ይዘምራል፣ ድምፁም ተስቦ ተስቦ ነው የሚጠፋው። ሆዱን ከያዙት ክሪስታልም ዲዳ ነው። ስንቱ ሰው ሆዱን ጨብጦ እየመታ “የውሸት ነው” ብሎ ደህናውን ብርጭቆ ለልጆች መጫወቻ ሰጥቷል! ከዚያ ክብደቱን በእጄ መዘንኩት። ከዚያ ልጅህን ጣቷን ይዤ ቅርጹን አስነካኋት። በእጅ የተቀረጸ ከሆነ የቅርጹ ጠርዝ ጣትን ቆንጠጥ ያደርጋል። በብረት ቅርጽ ማውጫ ተጨፍልቆ የተሠራ ከሆነ ግን የተጠባ ከረሜላ ነው የሚመስለው፤ ጎኑም ላይ ሁለቱ የብረት ግማሾች የገጠሙበት ስስ መስመር ይቀራል። “ይነክሳል” አለችኝ። አዎ ይነክሳል አልኳት። የማን ጥርስ እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

አፋቸው ላይ ማስመሪያ አጋደምኩ። ጠርዙ ተሸርፎ የተሞረደ ካለ ከእህቶቹ አጥሮ ይገኛል፤ ስድስቱም እኩል ቆሙ። ከዚያ አንዱን ገልብጬ መቀመጫው ላይ ተነፈስኩበት። አንተ ታውቀዋለህ፣ ማኅተማችን እንዲያው ሲያዩት የለም፣ ትንፋሽ ሲያገኝ ነው የሚወጣው። ብቅ አለ፤ ትንፋሼ ሲደርቅ ተመልሶ ገባ። ልቤ ድንግጥ አለ። ግን ራሴን ተቆጣሁ፣ ከእኛ ፋብሪካ ስንት ሺህ ብርጭቆ ወጥቷል፣ ምን ያስደነግጥሻል አልኩ።

ቀጥሎ ጭረት ነው። ያረጀ ብርጭቆ ጠረጴዛ በሚነካበት ቀለበት ላይ ይጫጫራል፣ ጭረቱም በየአቅጣጫው ነው፤ ሰው ብርጭቆን ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ወገን እየጎተተ አያስቀምጥምና። ለማስረጀት ብለው በአሸዋ ወረቀት ካሹት ግን ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሮጣል። አምስቱ ምንም የላቸውም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ድሮ ሙሽራ ተቀምጠው የኖሩ ናቸው። የስድስተኛዋ ቀለበት ግን ነጭ ሆኗል። በአጉሊ መነጽር ሳያት ሺህ ጭረት፣ ሁሉም በየፊናው። ይቺን ሰው በየቀኑ አንሥቶ በየቀኑ አስቀምጧታል።

የቀረኝ መቀመጫው ሥር የተቀረጸው ኮከብ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። የአውራ ጣቴን ጥፍር በየጨረሩ ላይ አሳለፍኩ። አሥራ ስድስት። ሁለተኛው አሥራ ስድስት። አምስቱም አሥራ ስድስት፣ እንደሚገባው። ስድስተኛዋን ስቆጥር አሥራ ሰባት ወጣ። መለስኩና ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት። ከሌላ ጨረር ጀምሬ ቆጠርኩ። ዓይኔን ስገልጥ ልጅህ ጎንበስ ብላ እያየችኝ “አመመዎት እንዴ እትዬ?” አለችኝ። ውሃ ይምጣልዎ ወይ አለችኝ። እኔ ያልኩትን አላስታውስም። ስድስተኛዋን ግን ከእጄ አላስቀመጥኳትም፤ ይህን እሷ ትነግርሃለች።

አሁን ልጅህ ታውቀው ዘንድ ቤታችንን ልንገራት። አንተ ዝም ብለህ አዳምጥ፤ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ።

ፋብሪካው ሁለት ፎቅ ነበር፤ በመካከሉ አሥራ አራት የእንጨት ደረጃ። ላይ አስማሪዎች ነበርን፣ ታች ቀራጺዎች። የእኛ ሥራ ባዶውን ብርጭቆ ተቀብለን፣ ድንጋዩ የት የት እንደሚነክሰው በቀጭን ብሩሽ ቀይ መስመር ማስመር ነው። ከዚያ በሳጥን ይወርዳል። ቀራጺው በመስመሩ ላይ፣ በሚሽከረከረው ድንጋይ፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት ይቀርጸዋል። ሲጨርስ ይታጠባል፤ የእኔ መስመር ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ የእሱ ቅርጽ ይቀራል። ስምንት ዓመት ያን ቀይ መስመር አስምሬአለሁ፣ ዛሬ በምድር ላይ አንዱም የለም። በዚህ አልቀየምም፤ ሥራው ነው።

ቀራጺ ያለ ምክንያት ወደ ላይ አይወጣም ነበር፤ ከልብሱ የሚንጠባጠበው ውሃ ያልደረቀ መስመር ያጥባል። የሚያስወጣ ምክንያት አንድ ብቻ ነው፣ የማስመር ስህተት። ስህተት ያገኘ ቀራጺ ብርጭቆውን በሰው አይልክም። ራሱ ይዞ ወጥቶ አስማሪዋ ፊት ያኖረዋል፣ አጥፍታ እስክታስተካክል ድረስም አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ስሟ በሩ ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለሳምንት ይውላል። ሕጉን ያወጣው አለቃችን ነው፤ ከመግባቱ በፊት ጉሮሮውን ስለሚጠርግ “አቶ እህህ” የምንለው። እህህ ሲል ሰነፉም ትጉ ይሆናል፣ እሱም ይህን ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ሳል ሳይኖርበት ነበር እህህ የሚለው።

የእኔ ስም ሰሌዳው ላይ ወጥቶ አያውቅም። በዚህ እንዴት እንደምኮራ ታስታውሳለህ። ደግሞ ከባድ አልነበረም። አሥራ ስድስት ጨረር ለማውጣት ክቡን ለሁለት መክፈል ነው፤ ሁለቱን ለአራት፣ አራቱን ለስምንት፣ ስምንቱን ለአሥራ ስድስት። ግማሽን መግመስ የሚችል ሰው አይሳሳትም። ከደረቀ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ በጥፍሬ እቆጥረዋለሁ፤ ዓይን የፈለገውን ያያል፣ ጥፍር ግን አያደላም። እንዲህ ስኮራ ለካስ በሩን በራሴ ላይ እየዘጋሁ ነበር። የእኔን ሳጥን የምትቀበለው አንተ ነህ። እኔ ካልተሳሳትኩ ደግሞ አንተ አትወጣም።

ድንጋይህ ከደረጃው ግርጌ ነበር። ከላይ ሳይህ የሚታየኝ ቆብህና እጅህ ነው። አንድ ቅርጽ በጨረስክ ቁጥር ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ታነሣዋለህ፤ የምታነሣውም ወደ እኔ መስኮት ነበር። ብርሃኑን ነው ወይስ እኔን እያልኩ አራት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄአለሁ። ሌላ መስኮት እንደነበረ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ የተሻለ ብርሃን ያለው፣ ከጀርባህ። በር ላይ ስንገናኝ ደግሞ እንደምን አደርሽ፣ እንደምን አደርክ፣ ቀዘቀዘ፣ አዎ ቀዘቀዘ። ሁለታችን ተጋግዘን አራት ዓመት ስለ አየሩ ተነጋግረናል።

ከዚያ ያ ሳምንት መጣ። ፋብሪካው በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተ፣ ዋና ቀራጺ ሆነህ እንድትሄድ ተጠየቅህ። መልስህን ዓርብ ማታ ሥራ ሲያበቃ ለአቶ እህህ ትነግረዋለህ ተባለ። ሁሉንም አማክረሃል፤ የድንጋይ ጎረቤቶችህን፣ የማሸጊያ ክፍሎቹን፣ ዘበኛውን ሳይቀር። ዘበኛው “ሂድ ብየዋለሁ” እያለ ሲኩራራ ሰምቼዋለሁ። የዘበኛው ሐሳብ ተጠይቆ የእኔ ሳይጠየቅ ቀረ። አንቺ ምን ትያለሽ ብትለኝ የምመልሰው ቃል አንድ ነበር፣ እሱንም በአፌ ውስጥ ሳገላብጠው ሰንብቻለሁ። ግን እንዴት ይባላል? ወርጄ አልጠይቅህ ነገር፣ አስማሪ ታች ምን ትሠራለች? አንተ እንዳትወጣ፣ ምክንያት የለህም።

ዓርብ ዕለት ከምሳ በኋላ በወረደልህ ሳጥን ውስጥ ያቺ ብርጭቆ ነበረች።

ከዚያ ብሩሼን አስቀምጬ ደረጃውን አዳመጥኩ። ያን ቀን ከሰዓት ማንም ወደ ላይ ቢወጣ ልቤ ከእሱ ጋር አሥራ አራቱን ይቆጥር ነበር። አንድ ጊዜ ኮቴ ተሰማ፣ አቶ እህህ ነበር። ሌላ ጊዜ ተሰማ፣ ፎጣ የምታመጣው ሴት ነበረች። ድንጋይህ ሲቆም ሰማሁ። አሁን አየ አልኩ፤ አሁን ቆጠረ፤ አሁን ተነሣ። ድንጋይህ እንደገና ዞረ። እስከ ማታ ሳያቋርጥ ዞረ። ማታ በር ላይ እሄዳለሁ እንዳልክ ሰማሁ። እኔም አየህ፣ ቆጥሮ አይቶ ነው የተወው፣ መልስ ማለት ይኸው ነው ብዬ ልብሴን ለበስኩ። ስትወጣ ቀዘቀዘ አልከኝ። አዎ አልኩህ።

እንግዲህ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩት በዚያ መልስ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ልጅህ ውሃ ሰጥታኝ፣ ከጎኔ ተቀምጣ፣ አንተ የነገርካትን ነገረችኝ። አንድ የላይኛው ፎቅ ጓደኛ ነበረችኝ፣ ተሳስታ የማታውቅ፣ አንድ ቀን ብቻ ተሳሳተች አልካት። ይዤ ብወጣ ስሟ ሰሌዳው ላይ ይውላል፣ ያን ኩራቷን በእጄ አላፈርሰውም ብዬ ስህተቷን እንዳለ ቀረጽኩላት አልካት። ልጅህ ይህን የነገረችኝ ደስ ይላታል ብላ ነው። እኔ ግን ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር መጣብኝና “ትልቅ ሰው ቤት” ከፊት ለፊት ድረስ ሮጣ መጣች። ዕቃ የተሰበረ መስሏት ነው።

ወንድሜ፣ ደግነትህ ምን እንደሠራ አየህ?

ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን የደረስኩበት ረቡዕ ዕለት፣ ዕቃ ሳጥብ ነው። ለሚሄድ ሰው ፋብሪካው የሚሰጠው የራሱን እጅ ሥራ ስድስት ብርጭቆ ነው። ዘበኛው የመውጫ ወረቀቱ ላይ ስድስት ካለ ስድስት ቆጥሮ ያሳልፋል፣ ሰባት ከሆነ ይይዛል። አሥራ ሰባቷን ይዘህ ለመውጣት ከስድስቱ ደህና ብርጭቆ አንዷን ትተህ መሄድ ነበረብህ። የት ተውካት? በመጨረሻው ቀንህ ከምሳ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ብርጭቆ ቆማ አገኘሁ። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ እንከን የሌላት። ወረቀት የላት፣ ሰው የላት። ደረጃው ላይ የውሃ ጠብታ ነበረ፤ አይቼዋለሁ፣ ረግጬውም አልፌአለሁ። እኔ ሥርዓት አክባሪዋ ምን አደረግሁ? “የተረሳ፣ ወደ ማሸጊያ ክፍል ይመለስ” ብዬ በወረቀት ጽፌ በሳጥን ወደ ታች ላክኋት። አንተ ነበርክ? ወጥተህ ነበር? ይህን አንተ ብቻ ነህ የምትነግረኝ። ከሆነ፣ አንዴ ወጥተህ አጥተኸኛል፤ በዕድሜዬ ከምሳ የዘገየሁበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ልጅህ እንዴት ወደ እኔ እንደመጣችም ነገረችኝ። ጎረቤታችሁ የእናቷን ብርጭቆ እኔ ዘንድ አስገምታ ኖሮ፣ ሱቁ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና በጥፍር የምትቆጥር ሴት አለች ብላ አወራች። አንተም ከተጋደምክበት ቀና ብለህ “ዓይኗን ጨፍና?” አልክ። ሁለቴ ጠየቅህ አለችኝ። በማግሥቱ ካልሲዎቹን ራስህ ፈልገህ ብርጭቆዎቹን ራስህ አለበስክ አለችኝ፣ በዳበሳ። 

አሁን ስለ ባለቤትህ ልበል። ልጅህ እንዳለችኝ ውሃህን የምትጠጣው በዚያች ብርጭቆ ነበር፤ እናቷም ሌሎቹን ዕቃዎች ለማንም ትተዋለች፣ ይቺን ግን “ለእኔ ተዉልኝ” ብላ ራሷ ታጥብ ነበር። ጠርዟን በጣቴ ዞርኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት በየቀኑ የተጠጣባት ብርጭቆ አንድ መሸረፍ የላትም፣ አልደበዘዘችም፣ ሥሯ ውስጥ አንዲት ጉድፍ የለም። በየጨረሩ መካከል ጥፍሯን ሳታሳልፍ እንዲህ ልትጸዳ አትችልም። ስንት ጊዜ ቆጥራ ይሆን? እኔ በሙያዬ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ አንተ ጠጣህባት እንጂ ለዚህ ያደረሰቻት እሷ ናት። ባገኛት እጇን እስም ነበር። አንቺ ልጄ፣ እናትሽ ትልቅ ሰው ነበረች። እዚህ ሱቅ ውስጥ ያ ቃል በእውነት የተባለው አሁን ነው።

ስለ አምስቱ፦ ሐሙስ ዕለት ገዢ መጣ። ሙሉ ስድስት ነበር የሚፈልገው። ባለሱቋ ጓሮ ይዛኝ ወጥታ ስድስት ነው በይ አለችኝ። ማን ገልብጦ ይቆጥራል፣ ሰው ሲጠጣ ብርጭቆ አይገለብጥም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ስድስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ዋጋቸው ከአንዷ ዋጋ ስድስት እጥፍ ይበልጣል፤ አንዷ ከጎደለች ግን ሁሉም ይረክሳሉ። እኔም አምስት ነው ያለን፣ ስድስተኛዋ የሌላ ናት አልኩ። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ብላ ተረተችብኝ። የነቃ የለም፣ የጎደለም የለም፣ እንዲያውም አንድ ጨረር ተርፏታል አልኳት። ሦስት ቀን አኩርፋኛለች። አምስቱ በአምስትነታቸው በደህና ዋጋ ሄደዋል፤ ደረሰኙ ከደብዳቤው ጋር አለ።

የስድስተኛዋ ዋጋ እንግዲህ።

በሱቁ ሚዛን ከሆነ ብቸኛ ናት፣ ከእህቶቿ ጋር አትገጥምም፣ ቀለበቷ ተበልቷል፣ አሠራሯ ስህተት አለበት። የሚገዛት የለም። ይህን እንደ ገማች ጽፌልሃለሁ፣ ፊርማዬም አለበት። እንደ አስማሪ ግን አልፈርምም። ምክንያቱም ስህተት አለበት የሚለውን እኔ አላመንኩበትም።

ከደብዳቤው ጋር የመለስኩልህን ብርጭቆ ገልብጣት። ልጄ፣ ንባቡን አቁሚና ብርጭቆዋን ስጪው። ጥፍርህን አሳልፍባት። ዓይን አያስፈልግህም፤ እኔም ዓይኔ እያለ አልተጠቀምኩበትም። ጨረሮቹ እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ከሌላው ተጣቧል? እኩል ናቸው። አሥራ ሰባቱም እኩል። አሁን ደግሞ አንተው አስበው፣ ክቡን ለሁለት ክፈለው፣ ለአራት፣ ለስምንት፣ ለአሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት የት ላይ ይመጣል? አይመጣም። ግማሽን ስትገምስ ብትውል አሥራ ሰባት ላይ አትደርስም። መቀመጫውን በክር መለካት፣ ክሩን መከፋፈል፣ ማስመር፣ አልገጥም ሲል ማጥፋት፣ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። እኔ አራት ጊዜ አጥፍቼአለሁ። ያን ዓርብ ምሳዬን አልበላሁም።

አንተ ጎበዝ ቀራጺ ነበርክ፤ ማካፈል ግን የእኔ ሥራ ስለሆነ አልፈርድብህም።

ብርጭቆዋን በካልሲዋ አድርጌ በልጅህ እጅ መልሼልሃለሁ። አልተቀበልኳትም። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ ስህተት አገኘሁ የሚል ቀራጺ በሰው አይልክም፣ ልጁም ብትሆን። ራሱ ይዞ መጥቶ አስማሪዋ ፊት ያኖራል፣ እስክታስተካክልም አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ አሁን ቀስ ብዬ ነው የምሠራው፤ መቆሙ ከከበደህ ወንበር ሞልቷል፣ ሱቁ የወንበር ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የልጅህን ቤት ሰፊ ያድርግላት። በዳበሳ የምትሄድበት መንገድ ሁሉ እንቅፋት አይኑርበት። የኛ ሱቅ ምድር ቤት ነው፤ በሩ ላይ አንድም ደረጃ የለውም። ምሳ ሰዓት ላይም አልወጣም፣ እዚሁ ነኝ።

ከላይኛው ፎቅ የወረደችው ጓደኛህ